ተገልብጦ የታሰረው ስፓይደር

ለጊዜያዊ ርክክብ አሥር ቀን ሲቀረን፣ በኅዳር ብርድ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕንፃው ጥበቃ ደወሉልኝ። «ኢንጂነር፣ ጥይት መስሎኝ መሬት ላይ ተኝቼ ነበር፤ ለካ የፊት ለፊቱ መስታወት ነው የፈነዳው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ወደ ታች ወርዷል?» ስላቸው «ኧረ አልወረደም፤ የሸረሪት ድር መስሎ እዚያው ተንጠልጥሏል» ብለው መለሱልኝ። ሳያውቁት ትክክለኛውን ቃል ተናግረው ነበር፤ መስታወቱን የያዘው ባለ አራት እጅ ብረት በሙያው «ስፓይደር» ይባላልና፣ ትርጉሙም ሸረሪት ነው።

በዚያ የአዲስ አበባ ግንባታ ላይ የአማካሪው ድርጅት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። የመግቢያ አዳራሹ ፊት ፍሬም የሌለው ሲሆን፣ ወርዳቸው 1.5 ሜትር፣ ቁመታቸው 2 ሜትር የሆኑ 24 መስታወቶች፣ ስድስት በአግድም አራት በቁመት ተደርድረው፣ ከኋላቸው በቆሙት የብረት ምሰሶዎች ላይ በስፓይደር ብቻ ታስረዋል። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት በመሃል በፕላስቲክ ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ ላሚኔትድ ነው፤ ሲፈነዳ ያልረገፈውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ አንዱ መስታወት 120 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህን ክብደት እንዲሸከሙ የታሰቡት ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ያሉት ሁለት መያዣዎች ናቸው።

ጠዋት ላይ የመስታወት አቅራቢው ወኪልና የገጠማው ንዑስ ተቋራጭ መጡ። ንዑስ ተቋራጩ ጥፋቱን ወደ መስታወቱ ለመግፋት ጊዜ አልወሰደበትም፤ «ኒኬል ሰልፋይድ ነው» አለ። ነገሩ ተረት አይደለም፤ በዓይን ለማየት የምታስቸግር የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት በቴምፐርድ መስታወት ውስጥ ከቀረች፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ አብጣ ማንም ሳይነካው ልታፈነዳው ትችላለች። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ስብራት መነሻው ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስሉ ሁለት ተለቅ ያሉ ስባሪዎችን ይተዋል። ስካፎልዲንጉ ላይ ወጥቼ መስመሮቹን አንድ በአንድ ስከተላቸው ግን፣ ሁሉም ከቀኝ የላይኛው ቀዳዳ ጠርዝ የተነሡ ነበሩ።

በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ማሸጊያ ሲልከን በምላጭ ቀደን መስታወቱን በቬንቶዛ፣ ማለትም አየር ስቦ በሚጣበቅ መያዣ፣ ይዘን ካወረድነው በኋላ መያዣውን ፈታነው። በብሎኑና በመስታወቱ መካከል የሚገባው የናይሎን ቀለበት በአንድ በኩል ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ጭራሽ የተቀደደበትም ቦታ ስለነበረ ብረቱ መስታወቱን በቀጥታ ነክቶታል። ቴምፐርድ መስታወት በሰፊው ገጹ ብዙ ይችላል፤ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ግን ባዶ ብረትን አይታገሥም።

ቀለበቱ ለምን ተጨፈለቀ የሚለውን ለመመለስ ስፓይደሩን ራሱን አገላብጬ ማየት ነበረብኝ። አራቱ እጆች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ቀዳዳዎቻቸው ግን ይለያያሉ። ከታች ሆነው ከበታቻቸው ያሉትን መስታወቶች አናት ከሚይዙት ሁለት እጆች አንዱ ልክ ክብ ቀዳዳ አለው፣ ክብደት ይሸከማል፣ ቦታም ያስይዛል። የሁለተኛው ቀዳዳ በአግድም የረዘመ ነው፤ ክብደት እየተሸከመ መስታወቱ ወደ ጎን እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። የላይኞቹ ሁለቱ ደግሞ ከነሱ በላይ ያሉትን መስታወቶች ግርጌ ከንፋስ ብቻ ስለሚይዙ በሁሉም አቅጣጫ ሰፊ ናቸው። ይህኛው ስፓይደር ተገልብጦ ታስሯል። ስለዚህ መስታወቱ በቀኝ ማዕዘኑ የተንጠለጠለው በሰፊው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ወደ ታች እየተንሸራተተ ያስቸገራቸው ሠራተኞችም ቁልፉ ላይ የቧንቧ ብረት ሰክተው እስኪበቃቸው አጥብቀውታል። ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ እየተፈራረቀበት፣ መላወሻ ያጣው መስታወት የቻለውን ያህል ከቻለ በኋላ ፈነዳ።

መስታወትን በነጥብ ብቻ የመያዙ ጥበብ ከመነሻው መያዣውን ነጻ በማድረግ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በተከፈተው በፓሪሱ የላ ቪሌት የሳይንስ ማዕከል ላይ መሐንዲሱ ፒተር ራይስና ባልደረቦቹ ብሎኑ መስታወቱን እንዳያጎብጠው ብለው ሉላዊ (እንደ ኳስ የሚዞር) መጋጠሚያውን በራሱ በመስታወቱ ውፍረት ልክ ላይ አስቀምጠውታል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ።

ለዚህ ነው ንዑስ ተቋራጩ ላይ ለመጮኽ አፌ ያልተከፈተው። በመቆጣጠሪያ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የምሰሶዎቹን ቱንቢ ለክቼ፣ የሲልከኑን ስፋት አይቼ፣ ስፓይደሮቹ እንዴት እንደሚያብረቀርቁ ከታች ሆኜ አድንቄ ነበር የፈረምኩት። የእጆቹ አቀማመጥ በሥዕሉ ጥግ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ ተመልክቷል፤ ወደ ላይ ወጥቼ ከሥዕሉ ጋር አላመሳከርኩትም። በዚያው ሳምንት 15ቱንም ባለ አራት እጅ ስፓይደሮች ስንፈትሽ ሌሎች ሦስት የተገለበጡ አገኘን። ርክክቡም ተራዘመ።

ዳግም ገጠማው ሲጀመር የሠራተኞቹ አለቃ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቶርክ ሬንቹን፣ የተሞላለት የማጥበቂያ ልክ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን መፍቻ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ሞልቼ የመጀመሪያውን ብሎን ራሴ አሰርኩት፤ ቀጭ ሲል እጄን አነሣሁ። «ኢንጂነር፣ ይህችው ናት እንዴ? ይህማ በጣትም ይፈታል» አለኝ። መፍቻ ሰጥቼው እንዲሞክር ነገርኩት፤ ያሰበውን ያህል አልቀለለውም። ሲወርድ የቧንቧ ብረቱን አንሥቶ ለጥበቃው ሰጣቸው፤ እሳቸውም የጊቢው በር መቀርቀሪያ አደረጉት።