ከመቶ ሺህ ብር ግብ ወደ አሥር ኪሎ ሚዛን

ባለፈው ቅዳሜ የሒሳብ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ቡና ቆልቼና አስፈጭቼ መሸጥ ከጀመርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ወር በተከታታይ ከማንም ሳልበደር ማለፌን ተመለከትሁ፤ በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልንጀሮቼ ነገሩን ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ደስታዬን አልሸሽግም፤ ነገር ግን ወደዚህ ያደረሰኝ አንድ ረጅም ስሕተት ስለሆነ አብዛኛውን የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የሚነገር የለም። በ2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ በእናቴ ብረት ምጣድና በአንድ የከሰል ምድጃ ጀመርሁ። ኋላም የእቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ በእጅ የሚዞር መቁያ አሠራሁ። ጥሬውን ከዘጌ አስመጣለሁ፤ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና በገዳማቱ ስም የታወቀ በመሆኑ ለደንበኛ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ከእኔ የሚገዙት በአብዛኛው መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ናቸው።

ችግሩ የመጣው ግብ ማስቀመጥ ስጀምር ነው። በአንድ የአነስተኛ ንግድ ሥልጠና ላይ ግብ በቁጥርና በጊዜ ይቀመጥ ተብለን ስለተማርን፣ «በወር 100,000 ብር ሽያጭ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የጥምቀት ሰሞን ገበያ ረድቶኝ፣ ግቡ ደረሰ። በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ ልከፍል ሣጥኑን ስከፍት ግን ያለው ብር ለኪራዩ እንኳ አይበቃም ነበር። እውነቱን ለመናገር አብራኝ የምትሠራውን ልጅ በልቤ ጠረጠርሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

እንቆቅልሹን የፈታችው ግን እርሷው ናት። አንድ ማለዳ አሥር ኪሎ ጥሬ መዝነን ልንለቅም ስንል፣ «እትዬ፣ ዛሬ ከተቆላ በኋላም እንመዝነው እስቲ» አለችኝ። ሰባራውንና ድንጋዩን ለቅመን ስናወጣ ሩብ ኪሎ ጎደለ፤ ቆልተን፣ በሰፌድ አብርደንና ገለባውን አንፍሰን በድጋሚ ስናስቀምጠው ሚዛኑ 8.2 ኪሎ ላይ ቆመ። ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ተኖ ስለሚወጣ ክብደቱ በመቶኛ ከ15 እስከ 20 ይቀንሳል፣ ሲጠቁር ደግሞ የባሰ ይጎድላል፤ የእኔ ደንበኞች የሚወዱት ጠቆር ያለውን ነው። ዘመኔን ሁሉ ቡና ስቆላ መቅለሉን እጄ ያውቅ ነበር፤ ሒሳቤ ግን አያውቅም ነበር።

ሒሳቡ እንዲቀል ጥሬው በኪሎ 500 ብር ነው እንበል። እኔ የተፈጨውን 650 ብር እየሸጥሁ በኪሎ 150 ብር ይተርፈኛል ብዬ አምን ነበር። ነገር ግን 5,000 ብር የወጣበት አሥር ኪሎ 8.2 ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ኪሎ ገና ሳይፈጭ 610 ብር ገደማ ፈጅቷል ማለት ነው። የቀረችው 40 ብር የወፍጮውን፣ የከሰሉን፣ የከረጢቱን፣ የኪራዩንና የልጅቱን ደመወዝ እንድትችል ነበር የተፈረደባት። ስለዚህ ግቤን ለመድረስ ብዙ በሸጥሁ ቁጥር ብዙ እከስር ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ግን ያመሰግነኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሽያጭ ግብ የሚባለውን ነገር ጠልቼዋለሁ፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ። የአምስት ዓመት ዕቅድም፣ መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ቡና ለማይገባለት፣ ዋጋውም ከሳምንት ሳምንት ለሚለዋወጥበት ሰው ጌጥ ነው እላለሁ። አሁን ግቤ «ከአሥር ኪሎ ጥሬ፣ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ፣ ስንት ብር ይቀራል?» የሚል ነው። በቆላን ቁጥር የገባውንና የወጣውን ክብደት ባለ ካሬ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ዋጋም የምጨምረው ያንን አይቼ ነው። በጨመርሁ ጊዜ አራት ደንበኞች ሄዱብኝ፤ ሁለቱ ተመልሰዋል። ለዕድገት የሚሆነውን ደግሞ በሳምንት እቁብ አስሬዋለሁ። ባንክ ያለውን ብር ማንም ሳያየኝ አወጣዋለሁ፤ እቁብ ሳልጥል ብቀር ግን ሰብሳቢው በሬ ላይ ይቆማል።

እንዲህ ስል ሁሉ ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። ለፋሲካ ሰሞን ሥራ በዝቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንመዝን ቆልተናል፤ የእነዚያ ቀናት ገጽ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ዱቤ አልሰጥም ብዬ የማልሁትም አልሆነልኝም፤ በክረምት ዝናብ ሲበረታ መንገድ ዳር የሚቀመጡት ሴቶች ገበያ ይቀዘቅዝባቸዋልና አንዷ «ነገ አመጣለሁ» ስትለኝ ሩብ ኪሎውን አልከለክላትም። ለዱቤ የለየሁት ገጽ በሰኔ ሞልቶ ወደ ሌላ ገጽ ተሻግሯል። የዚህ ወር ግቤ ዱቤውን በግማሽ ማውረድ ነው፤ እስከ ትናንት ድረስ የከፈሉኝ ሦስት ሰዎች ናቸው።