ሂሳቡ ላይ ያለው 480 የማን ነው?

አርብ ማታ፣ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ፣ ዘጠኝ ሰዎች ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ሊነሱ ነው። ጋባዡ ሂሳብ ጠየቀ። ቢሉ መጣ፤ ምግብና መጠጡ 4,000፣ ከሥሩ «ሰርቪስ 12%» 480፣ ከዚያ 10 ከመቶ ግብር 448፣ በድምሩ 4,928። አስተናጋጇ የካርድ ማሽኑን አቀረበችለት። ማሽኑ ሒሳቡን ከማወራረዱ በፊት «ቲፕ» ብሎ 10፣ 15 እና 20 ከመቶ ደረደረ። ከታች በትንንሽ ፊደል «ያለ ቲፕ» ይላል። ጋባዡ እሱን ነካ፣ ካርዱን አስጠጋ፣ አመስግኖ ተነሳ።

አስተናጋጇ ወረቀቱን አየችው። ዜሮ። ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ትዕዛዝ፣ ሦስት ጊዜ የተጠረገ ጠረጴዛ፤ ዜሮ። በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መስተንግዶዬ ላይ ያጎደልኩት ነገር ነበር?»

«ኧረ ምንም! 480 ከፍዬ የለም እንዴ?»

«እሱ እኮ ለእኔ አይደርሰኝም።»

ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ግን እንግዶቹ ሁሉ ሰሙ። ጋባዡ በጋበዛቸው ሰዎች ፊት ቆጣቢ ሆኖ መታየቱ አንገበገበውና ወደ ውስጥ ተመልሶ ሥራ አስኪያጁን አስጠራ። ሥራ አስኪያጁም ይቅርታ ጠይቆ ከሸኛቸው በኋላ መጀመሪያ ያሰበው ለአስተናጋጇ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። «ደንበኛ በር ላይ ይያዛል እንዴ? ምን ነካሽ?» አላት። ይህን ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ የቢሉን ቅጂ ይዛ ገባች። «ደብዳቤውን ከመጻፍህ በፊት ይችን መስመር አንብባት» አለችው። መስመሯ «ሰርቪስ 12%» ትላለች። ከዚያ ውጪ አንድም ቃል የለም።

እዚያ ቤት 480ው የሚገባው ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ነው። ከውስጡ የባንክ ኮሚሽን፣ የተሰበረ ብርጭቆና የጽዳት ዕቃ ይቀነሳል፤ የተረፈው በወሩ መጨረሻ ባለቤቱ በመሰለው መጠን ለሠራተኛው ይታደላል። ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ሠራተኛው አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ጋባዡ «ከፍያለሁ» ሲል አልዋሸም፤ አስተናጋጇ «አልደረሰኝም» ስትልም አልዋሸችም። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር የሚያውቀው ቤቱ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ደግሞ አልጻፈውም።

በቲፕ ጉዳይ ሰው የሚጣላው አንዱ ለጋስ ሌላው ቋጣሪ ስለሆነ አይመስለኝም። እያንዳንዱ የሚፈርደው ደመወዝ በሚከፈልበት የለመደው መንገድ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ አገልግሎቱን ጭምር የያዘ መሆን አለበት። እዚያ የለመደ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢተው በቂ ነው፤ ምንም ባይተውም ማንንም አልበደለም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ትቶ የወጣን ሰው አስተናጋጁ ዕቃ የረሳ መስሎት ሮጦ ሊመልስለት ይችላል። አሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በፌዴራል ሕጉ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት ከኪሱ እንዲከፍል የሚገደደው 2.13 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ከ1991 ወዲህ አልተነቃነቀም። መነሻ (በሕግ ዝቅተኛው) ደመወዝ በሰዓት 7.25 ስለሆነ ቀሪውን 5.12 የሚሞላው የደንበኛው ቲፕ ነው፤ ቲፑ ካልሞላው አሠሪው እንዲያሟላ ሕጉ ያዛል። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተንን የመሳሰሉ ግዛቶች ይህን ማካካሻ አይቀበሉም፤ እዚያ አሠሪው ሙሉውን መነሻ ደመወዝ ከፍሎ ቲፑ በላዩ ነው። እንግዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከእነዚህ አገሮች የመጡ ሰዎች አብረው ቢቀመጡ ስለ ዜሮዋ ሦስት ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ፤ ሁሉም ባደጉበት ሥርዓት ልክ ናቸው።

ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም ቤቱ ራሱ ቢሉ ላይ የሚጨምረው ክፍያ፣ እና ቲፕ አንድ አለመሆናቸውን የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በአራት ምልክት ይለየዋል። ክፍያው ያለ ግዴታ የተሰጠ መሆን አለበት፤ መጠኑን ደንበኛው ራሱ መወሰን አለበት፤ በድርድር ወይም በቤቱ ደንብ የተተመነ መሆን የለበትም፤ ለማን እንደሚደርስም በአብዛኛው ደንበኛው መምረጥ መቻል አለበት። ቤቱ «ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 12 ከመቶ» ብሎ ሲጨምር ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ ወዲያው ይወድቃሉ። ስለዚህ 480ው በዚያ ሕግ ቲፕ ሳይሆን የድርጅቱ ገቢ ነው፤ ለሠራተኛው ቢከፋፈል እንኳን የሚቆጠረው እንደ ደመወዝ ነው። ደንበኛው ግን ይህን ከየት ያውቃል? «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ያነበበ ሁሉ ላገለገለው ሰው የከፈለ ይመስለዋል።

ማሽኑም የራሱ ጥፋት ነበረበት። 20 ከመቶውን ያሰላ የነበረው ከ4,000 ሳይሆን ሰርቪሱና ግብሩ ከተጨመሩበት ከ4,928 ነው። አንድ እንግዳ ሳያነብ 20ን ቢነካ 985.60 ይከፍላል፤ ከ4,000 ላይ ቢሰላ 800 ነበር። በግብሩና በሰርቪሱ ላይ ሌላ 185.60 ቲፕ ከፈለ ማለት ነው። 480ው ሲደመርበት 1,465.60 ይመጣል፤ ከምግቡ ዋጋ ከሢሶ በላይ። እንዲህ የከፈለ ደንበኛ ቤቱ ደርሶ ቢሉን ሲያይ ተታለልኩ ይላል፤ ዳግም አይመጣም፣ ወይም በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ዜሮን ይነካል። ይህ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የሚቀየር ነገር ነው፤ ስሌቱ ከግብርና ከሰርቪስ በፊት ካለው ድምር እንዲነሳ ይደረጋል፤ ሰርቪስ ቻርጅ ባለበት ቢል ላይ ደግሞ የቲፕ ገጹ ጨርሶ እንዳይመጣ ይዘጋል። ሻጩን ጠይቆ የማሠራት ጉዳይ ነው እንጂ አዲስ ማሽን አያስገዛም።

ደብዳቤው አልተጻፈም። ይልቁንም በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሁለት አስተናጋጆችና አንድ ምግብ አብሳይ ተቀምጠው መስመሯን አስተካከሉ። አዲሱ ቢል «የአገልግሎት ክፍያ 12%፤ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞች ይከፋፈላል፤ ተጨማሪ ቲፕ አይጠበቅም» ይላል። ይኸው ጽሑፍ ሜኑው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገባ፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ሆኖ ቦታ ለሚይዝ ደንበኛም ሲደውል በቃል ይነገረዋል። ብርጭቆና ሳሙና ወደ ድርጅቱ ወጪ ተመለሱ። ባለቤቱ ይህን ለመቀበል አንድ ሳምንት ፈጀበት፤ ገንዘቡ ከራሱ ኪስ መውጣቱ ነውና አይፈረድበትም።

ከባዱ ማከፋፈሉ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ «ለሁሉም እኩል» የሚል ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን በሁለተኛው ቀን ጠብ ያመጣል። አንድ ማታ 1,950 ተሰበሰበ እንበል። ስድስት ስድስት ሰዓት የሠሩ ሦስት አስተናጋጆች፣ ሦስት ሰዓት ብቻ የሠራች አንዲት አስተናጋጅ፣ እንዲሁም ስድስት ስድስት ሰዓት የሠሩ ሁለት ጠረጴዛ አንሺዎች፣ አንድ መጠጥ ቀጂና ሦስት ምግብ አብሳዮች አሉ፤ አስር ሰው። በእኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 195 ይደርሳል፤ ስድስት ሰዓት የቆመችውም፣ ሦስት ሰዓት ሠርታ የሄደችውም ያው ናት።

የተሻለው በነጥብና በሰዓት ማባዛት ነው። ለአስተናጋጅ በሰዓት 10 ነጥብ፣ ለሌሎቹ 5 ነጥብ ይሰጥ። ሦስቱ ሙሉ አስተናጋጆች 180፣ ግማሽ ሺፍት የሠራችው 30፣ ጠረጴዛ አንሺዎቹ 60፣ መጠጥ ቀጂው 30፣ አብሳዮቹ 90፤ ድምሩ 390። 1,950 ለ390 ሲካፈል ነጥቧ 5 ታወጣለች። ሙሉ ሺፍት የሠራ አስተናጋጅ 300 ይወስዳል፤ ግማሽ የሠራችው 150፤ ጠረጴዛ አንሺዎቹ፣ መጠጥ ቀጂውና አብሳዮቹ እያንዳንዳቸው 150። ተመልሶ ሲደመር 1,950 ካልሞላ ስሌቱ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። ወረቀቱ ሺፍት ሲዘጋ ይሞላል፤ ሁለት ሰው ይፈርምበታል፤ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ለነገ ከተባለ ሰዓት ይረሳል፤ ሰዓት ከተረሳ ወሬ ይጀመራል።

ሥራ አስኪያጁ ከድርሻው ወጥቷል። ጠረጴዛ ሲበዛ እሱም ሳህን ያነሳል፤ ቢሆንም ሺፍት የሚደለድለውና ሰው የሚቀጥረው ሰው ከዚያው ሳጥን ሲካፈል ማንም ሒሳብ ሊጠይቀው አይደፍርም። አሜሪካ በ2018 ሕጓን ስታሻሽል አሠሪ፣ ሥራ አስኪያጅና ሱፐርቫይዘር የሠራተኛን ቲፕ እንዳይወስዱ ከልክላለች። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲፑም ሰርቪስ ቻርጁም ለሠራተኛ በፍትሐዊ መንገድ መከፋፈል አለበት፤ ከተከፈለበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር ሳያልቅ መድረስ አለበት፤ የአከፋፈል ደንቡ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ መዝገቡ ለሦስት ዓመት ይያዛል። የባንክ ኮሚሽን እንኳን ከቲፕ ላይ አይነሳም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ባንኩ በቲፑ ላይ የወሰደውን ኮሚሽን ያህል ከቲፑ መቀነስ ይፈቀዳል፤ 100 ቲፕ በካርድ ቢመጣና ባንኩ 3 ከመቶ ቢወስድ ለሠራተኛው 97 ሊሰጠው ይችላል። እዚህ ላይ የእንግሊዙ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በካርድ መቀበልን የመረጠው ቤቱ ነው።

በዚያው አርብ ማታ በጓሮ በር በኩል ሌላ ሰው ተከፍቶ ነበር። አንድ ደንበኛ በዴሊቨሪ አፕ አራት ዓይነት ምግብ አዝዞ 60 ቲፕ አስቀድሞ አስገብቷል። ሞተረኛው አድርሶ ከወጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 60ው ወደ ዜሮ ወረደ፤ ከታዘዘው አንዱ ማባያ ከረጢቱ ውስጥ አልነበረም። ሞተረኛው ከረጢቱን መክፈት አይፈቀድለትም፤ የታሸገውን ተቀብሎ የታሸገውን ነው የሰጠው። ጥፋቱ የማሸጊያ ጠረጴዛው ነው፤ የተቀጣው ግን እሱ።

ደንበኛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ዕቃ ሲጎድል እጁ ላይ የቀረችው መቅጫ የቲፕ ቁልፏ መሰለችው። የጎደለ ዕቃ ካለ ግን በአፑ የቅሬታ ቦታ ላይ «የጎደለ አለ» ብሎ ማስመዝገብ ነው፤ ያኔ ገንዘቡ የሚመለሰው ከሬስቶራንቱ ወይም ከአፑ ነው። ቲፕ መቀነስ ሬስቶራንቱን አንድ ሳንቲም አያስከፍለውም፤ ነገም ያው ዕቃ ይጎድላል። ሞተረኛው ዘግይቶ ከሆነም መጀመሪያ የት እንደዘገየ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ የሚቃጠለው መንገድ ላይ ሳይሆን መቀበያው ፊት ቆሞ ሲጠብቅ ነው፤ በጉዞ የሚከፈለው ሰው ደግሞ ለቆመበት አይከፈለውም።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት ትንንሾቹ ናቸው፤ ማባያ፣ መጠጥ፣ ማንኪያ። ምክንያቱም ዋናው ምግብ ከምድጃ ሲወጣ እነሱ የሚመጡት ከሌላ ጠረጴዛ ወይም ከፍሪጅ ነው፤ የሚጨመሩትም መጨረሻ ላይ፣ ሞተረኛው «ደረሰ?» እያለ ባለበት ጥድፊያ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ትንንሾቹ መጀመሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ ትኩሱ መጨረሻ። ትዕዛዙ በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እያየ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማሸጊያው የሚለጠፈው። ከረጢቱ ሁለት ከሆነ «1/2» እና «2/2» ተብሎ ይጻፍበታል። ሞተረኛም ትዕዛዙ ሲገባ ሳይሆን ምግቡ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይጠራል።

አፕ ላይ የሚገባ ቲፕ ማን ኪስ እንደሚገባ መጠየቅም ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የዴሊቨሪ ኩባንያ እስከ 2019 ድረስ ለሠራተኛው ቃል የገባለትን ክፍያ ከፊሉን የሚሞላው በደንበኛው ቲፕ ነበር። ለጉዞው 10 ቃል ተገባ፣ የኩባንያው መነሻ 1 ነው እንበል። ደንበኛው ምንም ካልሰጠ ኩባንያው 9 ይጨምራል፤ ደንበኛው 3 ከሰጠ ኩባንያው የሚጨምረው 6 ብቻ ነው። ሞተረኛው በሁለቱም 10 ያገኛል። ሦስቷን የበላት ኩባንያው ነው። ጉዳዩ ሲጋለጥ አሠራሩ ተቀየረ፤ በ2025 ደግሞ ለኒው ዮርክ ሠራተኞች 16.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ደንበኛ ይህን ለማወቅ ሞተረኛውን «አፕ ላይ ያስገባሁት ሙሉውን ይደርስሃል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይችላል። አይደርሰኝም ካለ በእጅ መስጠት ነው።

አስተናጋጇ አሁንም እዚያው ትሠራለች። በር ላይ ደንበኛን ስለ ገንዘብ መጠየቅ አሁንም የተከለከለ ነው፤ ቅር ያላት ነገር ካለ የምትጠይቀው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። የምግብ አብሳዮቹ ነጥብ በ5 ይቆይ ወይስ 7 ይሁን በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም፤ አብሳዮቹ «ያለ እኛ ምን ታቀርቡ ነበር?» ይላሉ፤ አስተናጋጆቹ ደግሞ የእነሱ ወር ደመወዝ ከእኛ ይበልጣል ይላሉ።