ሙቀቱ ወይስ ሐራራው?

ዛሬ ቀትር ላይ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ስሄድ የባጃጁ ሾፌር ከኋላው ክላክስ ለሚያደርግበት ሁሉ «የድሬ ሙቀት ነው ሰውን የሚያሳብደው» እያለ ምክንያት ሲሰጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የሥነ ልቦና ተማሪ «ወንድሜ፣ በምን አወቅህ?» አለችው።

እንደነገረችን፣ ግምት የሚፈተነው ንዴት በሚቆጠር ነገር ሲተካ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያሳተሙት ኬንሪክና ማክፋርሌን፣ በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ አረንጓዴ መብራት በርቶ ሳለ አንድ መኪና ሆን ብሎ እንዲቆም አድርገው የኋለኛውን አሽከርካሪ ክላክስ መዘገቡ። ሙቀቱ ሲጨምር ክላክሱም ጨመረ፤ ይህም በተለይ መስኮታቸውን ከፍተው በሚነዱት ላይ ጎልቶ ታየ (ባጃጅማ መስኮትም የለው!)።

ሾፌሩ «ያልኩት እኮ ነው!» ቢልም ተማሪዋ አልለቀቀችውም። ድሬ የምትግለው ሰው ለምሳ በሚጣደፍበትና የጫት ሐራራ በሚነሳበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በዚህ ብቻ አይለይም። የዚህ ሙያ ዋናው ድካም ግምትን የሚደግፍ ማስረጃ መልቀም ሳይሆን፣ ሊያፈርሱት የሚችሉትን ሌሎች ምክንያቶች አንድ በአንድ መፈተሽ መሆኑን በዚህች አጭር መንገድ ተረዳሁ።

ሾፌሩም አሰብ አድርጎ «እንግዲያው የጥርን ቀትር ከሰኔ ቀትር ጋር ማወዳደር ነዋ!» አለ። እርሷም ተስማምታ፣ ክላክሱን የሚቆጥረው ሰው ግን ግምቱን የማያውቅ መሆን እንዳለበት አስጠነቀቀችው።