ነፍሰ ጡር እህቴና የጉንፋኑ ሰሞን

ከለንደን አዲስ አበባ የገባሁት ጉንፋኑ ቤት ለቤት በሚዞርበት ሰሞን ነበር። አራት ኪሎ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሰባት ወሯን ይዛለች። ወደ ሥራዋ ፒያሳ የምትመላለስበት ታክሲ ውስጥ ሰዉ ያስላል፣ ያነጥሳል፤ መስኮቱ ግን «ንፋስ ይመታናል» በሚል ፍርሃት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። በሽታው ከታመመ ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ብናኝ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ እኔን ያስፈራኝ ንፋሱ ሳይሆን የመስኮቱ መዘጋት ነበር።

ነፍሰ ጡር ሲያማት «ጉንፋን ነው፣ ያልፍላታል» ማለት ይቀናናል። ሆኖም ማሕፀን እያደገ ሲሄድ ሳንባ የሚዘረጋበት ቦታ ይጠባል፣ የልብ ሥራ ይበዛል፣ የሰውነት የመከላከል ሥርዓትም ጽንሱን ለመቀበል ሲል ይለወጣል፤ በዚህ ላይ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ብርቱ ጉንፋን ሲጨመር የሳንባ ምች ሊያስከትል፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተነሳው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አሜሪካ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ሆነው ሳለ ከሟቾቹ ግን 5 በመቶ ያህሉን ይዘው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲከተቡ መክሯል። ለንደን ሳረግዝ አዋላጄ ራሷ ጉዳዩን አንስታልኝ በነጻ ተከተብኩ፤ እህቴ ግን በእርግዝና ክትትሏ የተነገራት ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ያንገበግበኛል። «ጽንሱን አይጎዳውም?» ስትለኝ፣ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው በመርፌ የሚወጋው፣ ሕይወት ያለው ቫይረስ የሌለበት ክትባት መሆኑንና እናቲቱ የምታዳብረው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ እንደሚያልፍ ነገርኳት። ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ይህን ክትባት መውሰድ ስለማይችል፣ ከእናቱ የሚያገኘው መከላከያ ትልቅ ነገር ነው። ክትባቱን ስለምታገኝበት ሁኔታ ሐኪሟን ልትጠይቅ ተስማማን፤ ይሁንና ከተወጉ በኋላም መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

እስከዚያው ጥበቃው የእኛ የቤተሰቦቿ ነበር። ከባዱ የጠያቂ ነገር ሆነ። «ደጄ የመጣን ሰው ስሜ ካልተቀበልኩ ምን እባላለሁ?» አሉ እናታችን። እንግዳ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ እንዲፈላ፣ ሰላምታውም ከሩቅ እንዲሆን ተደረገ፤ ጎረቤቶቻችንም ምክንያቱን ሲሰሙ አልተቀየሙም። ሳል የጀመረው ባለቤቷ ሳሎን መተኛትና ጭምብል ማድረግ ያዘ። እናታችን ሊያፈሉላት ያሰቡትን ጤና አዳም ግን በግልጽ ተቃወምኩ፤ በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ሊያነሳሳ ይችላልና።

ትኩሳት ከጀመራት ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ከባለቤቷ ጋር ተነጋገርን፤ የቫይረሱ መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ሆስፒታል እንዲደርሱ፣ ባለቤቷ የሰፈሩን ባለ ታክሲ ስልክ መዝግቦ ያዘ።