ጥቁር በጥቁር ላይ

ዛሬ አንድ ተጠቃሚ ስክሪንሾት ላከልኝ። «ሴቭ ማድረጊያው የት ገባ?» ይላል። እኔ በሠራሁት ጥቁር ቴም (የገጹን መልክና ቀለም የሚወስነው) ላይ የካላንደር ፕለጊን፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ተጨማሪ መሣሪያ፣ ጭኗል።

አጉልቼ አየሁት። ለካ ጽሑፉ እዚያው አለ፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሆኖ ነው እንጂ! የፕለጊኑ ሠሪ ቀለሙን ከቴሙ ቫሪያብል (ቴሙ ቀለሙን በስም ካስቀመጠበት) መውሰድ ሲገባው፣ ቀጥታ ጥቁር ብሎ ጽፎታል። ነጭ ቴም ላይ ብቻ ሞክሮት መሆን አለበት። እኔስ ብሆን? አንድም ፕለጊን ሳልጭን ነው የሞከርኩት።

የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። የኛ 1.2 እንኳ አይሞላም።

አንድ መስመር ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ) ጨምሬ ለጊዜው ደፈንኩት። ፕለጊኑ አፕዴት ሲደረግ የክላሱ ስም (ሲኤስኤሱ ጽሑፉን የሚያገኝበት መለያ) ከተቀየረ ግን ያው ነው። ለካ ቀለም የምመርጠው የማላውቃቸው ሰዎች ገና ለሚጽፉት ኮድ ጭምር ነው።

አሁን አሥር ፕለጊን ጭኜ እያየሁ ነው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሊንኩ ጠፍቷል።