«ለጊዜው እናቁመው» ያልኳት ቀን

ባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ታካሚዬ አስተማሪ ናት፤ «ቲቸር» ነው የምላት። እሷ ደግሞ «ዶክተር» ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሥታ መልቲፕል ስክለሮሲስ ተብላ ነው የተመለሰችው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከወንድ ይልቅ በሴት ይበዛል፣ ብዙውን ጊዜም ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ይጀምራል። እሷን በ31 ዓመቷ ነው ያገኛት። ግራ እግሯ ይጎተታል። ያማረራት ግን ድካሙ ነበር። «ተኝቼም ደክሞኝ ነው የምነሣው» ትለኛለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከር ጀመርን። መሣሪያችን ከብስክሌት ጠጋኝ ያመጣሁት አሮጌ የውስጥ ጎማ ነው፤ ባሕር ዳር መቼም እሱ አይጠፋም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስርላትና ትስበዋለች። ከዚያ ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ፣ 10 ጊዜ። ታርፋለች፣ ደግሞ 10። መጀመሪያ ጉልበቷን በሁለት እጇ ተጭና ነበር የምትነሣው። በሰባተኛው ሳምንት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ተነሣች። ሁለታችንም ሳቅን።

ሚያዝያ ላይ የማስተማሪያ ፈረቃዋ ስለተቀየረ ቀጠሮዋን ከጠዋት ወደ ከሰዓት 8 ሰዓት አዛወርኩት። ክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ማራገቢያው ከተበላሸ ከርሟል። ሁለተኛው ዙር ላይ «ዶክተር፣ ግራ ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ» አለች። እግሯ ተብረከረከ። በሽታው አገረሸባት ብዬ ክው አልኩ። እናቷ ግን በሃይላንድ የያዙትን ጠበል ራሷና አንገቷ ላይ አፈሰሱባት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኗ ጠራ።

«አየህ ልጄ?» አሉኝ።

እኔ አላየሁም። «ቲቸር፣ ለጊዜው እናቁመው» አልኳትና አንድ ወር ቤቷ ተቀመጠች።

በኋላ ጉዳዩን ለአንድ ነባር ባልደረባዬ ሳወራው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

ለካ ነገሩ ሙቀት ነው። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰውነት ትንሽ ሲሞቅ የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት የለም። ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ነውና ሐኪም ማየት አለበት። ድሮ ሐኪሞች እነዚህን ታካሚዎች «አትንቀሳቀሱ፣ ዕረፉ» ይሉ ነበር። ያ ምክር ከተተወ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ግን ያንኑ ነው የደገምኩላት።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስትመለስ ከዱካው ለመነሣት እንደገና እጇን ፈለገች። ከ5 ጀመርን። «እግሬስ ይሁን፤ ቤት ስውል ነው በሽተኛ መሆኔ የታወቀኝ። እዚህ ቢያንስ እቆጥራለሁ» አለችኝ። ይቺ ንግግሯ እስካሁን ትከነክነኛለች።

አሁን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የምንሠራው፤ መስኮቱ ይከፈታል፣ በየዙሩ መሃል ዕረፍቱ ረዘም ይላል። እናቷ ጠበሉን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ያፍስሱላት» የምለው አሁን እኔ ነኝ።