6 ሳምንት ሳልሮጥ ለማራቶን እንዴት ተዘጋጀሁ?

ማራቶኑ 14 ሳምንት ሲቀረው የግራ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ሰውነቴ ሲሟሟቅ ይተወኝና ሲቀዘቅዝ ይመለስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አጥንቱን በጣቴ ስጫነው ሳንቲም የምታህል አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ያንገበግበኛል። ሐኪሙ አጥንቱ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ፣ ከቀጠልኩበት እንደሚሰነጠቅ ነግሮኝ 6 ሳምንት ከሩጫ አገደኝ። ብስክሌትና ውሃ ውስጥ የሚሠራ ልምምድ ግን ካላመመኝ ፈቀደልኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። በሳምንት የምሮጠውን ከ40 ኪሎ ሜትር ወደ 65 ያደረስኩት በ3 ሳምንት ውስጥ ነው። ትንፋሼ አልከበደውም፤ እኔም ትንፋሼን አምኜ ገፋሁ። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይጠነክራሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ ሲያርፍ እግር የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው።

በጣም የረዳኝ ውሃ ውስጥ መሮጥ ነው። ወገብ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀበቶ ታስሮ፣ እግር ወለሉን በማይነካበት ጥልቀት ይሠራል። የመጀመሪያው ቀን ግን ከንቱ ነበር፤ ወደ ፊት ተደፍቼ ውሃውን በእጄ እየቀዘፍኩ 20 ደቂቃ ቆይቼ ትንፋሼ ንቅንቅ አላለም። ለካ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ጨበጥ አድርጎ እንደ ሩጫው ማወዛወዝ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ እግርን ወደ ታችና ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ 3 ደቂቃ በኃይል፣ 1 ደቂቃ በቀስታ እያልኩ 8 ጊዜ ስመላለስ መናገር እስኪያቅተኝ አለከልክ ነበር። የልብ ምት ሰዓቴ ግን መሬት ላይ ከማየው ያነሰ ቁጥር ያሳየኛል። ውሃ ውስጥ ይህ የተለመደ ነገር ስለሆነ ልፋቴን በትንፋሼ መለካት ጀመርኩ።

ብስክሌቱን ለረጅሙ ቀን ያዝኩት። አንድ ሰዓት ተኩል እሮጥ በነበረበት ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል እነዳለሁ። ከባድ ማርሽ ላይ ስታገል ጉልበቴን ስላመመኝ ማርሹን አቅልዬ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ዙር ገደማ ማሽከርከር ለመድኩ። ይህ በሩጫ በደቂቃ 180 እርምጃ ከመራመድ ጋር አንድ ነው፤ እግሬ ምቱን እንዳይረሳ የረዳው ይመስለኛል።

ወደ ሩጫ ስመለስ 1 ደቂቃ ሮጬ 1 ደቂቃ እየሄድኩ 20 ደቂቃ ብቻ ሠራሁ። ትንፋሼ ምንም አልጎደለበትም፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። የጭን ጡንቻ መሬት ሲረገጥ እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፤ ይህን ሥራ ብስክሌትም ውሃም አይሰጡትም። ስለዚህ አሁንም ትንፋሼ ሂድ ሂድ ቢለኝም ኪሎ ሜትሩን የምጨምረው እግሬን ጠይቄ ሆነ። ከማራቶኑ በፊት የሮጥኩት ረጅሙ ርቀት 26 ኪሎ ሜትር ነው።

የውድድሩ ቀን እስከ 33ኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ጭኖቼ ደነዘዙ፤ ትንፋሼ ግን እስከ መጨረሻው አልከዳኝም። በ4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ጨረስኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ኖሮ መነሻው ላይ የምቆም አይመስለኝም።

ዛሬ ጤነኛም ሆኜ በሳምንት 4 ቀን እሮጣለሁ፣ አንድ ቀን ብስክሌት፣ አንድ ቀን ውሃ። ሁለት ጊዜ ደግሞ በአንድ እግር ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ባቴን አጠነክራለሁ። ጫማዬን ከማሰሬ በፊት ያቺን የቅልጥም ቦታ በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋታለሁ። ካመመችኝ የዚያን ቀን ሩጫ እተውና ቀበቶዬን ይዤ ወደ ገንዳው እሄዳለሁ።